ትረስትድ ፐብሊሺንግ ምንድን ነው?

ቼክ ላይ «ለአምጪው ይከፈል» የሚል ነገር አለ አይደል? ከጠፋ ያገኘው ሰው ይዞ ሊሄድ ይችላል። የኤፒአይ ቶከንም (ፕሮግራም ወደ አንድ አገልግሎት ሲገባ በይለፍ ቃል ፈንታ የሚያሳየው ረጅም ኮድ) ያው ነው። ሰርቨሩ የሚያየው ቶከኑን እንጂ ማን እንደያዘው አይደለም።

የፓይተን ፓኬጅ (ሌሎች አውርደው የሚጠቀሙበት በፓይተን የተጻፈ ኮድ) የሚያወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ፓኬጆቹ ከሚወጡበት ሳይት፣ ከፓይፒአይ፣ ቶከን ይወስዳል፣ ኮዱን የሚያስቀምጥበት ጊትሃብ ላይ ሴክሬት (የተደበቀ መረጃ) አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ቶከኑ ግን እስኪሰረዝ ድረስ ይሠራል። እኔ አንዴ ለሙከራ ብዬ ስክሪፕት ውስጥ ጽፌው ረስቼ፣ ከነቶከኑ ፑሽ አድርጌዋለሁ፣ ማለትም ወደ ጊትሃብ ልኬዋለሁ። ትዝ ያለኝ ሻይ እየጠጣሁ ነው፤ ሻዩን ትቼ ሮጥኩ። ፋይሉን ማጥፋት ደግሞ ዋጋ የለውም፣ የኮዱን ታሪክ የሚመዘግበው ጊት የድሮውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ይዞ ይቀመጣላ! ቶከኑን ራሱን መሰረዝ ነው።

ፓይፒአይ በፈረንጆቹ 2023 ትረስትድ ፐብሊሺንግን ያመጣው ይህ የሚቀመጥ ቶከን ጭራሽ እንዳይኖር ነው። ፓይፒአይ ላይ ገብታችሁ «ይህን ፓኬጅ የሚያወጣው የዚህ አካውንት፣ የዚህ ሪፖ፣ ይሄኛው ዎርክፍሎው ነው» ብላችሁ አንዴ ታስመዘግባላችሁ። ሪፖ ኮዱ የተቀመጠበት ማህደር ነው፤ ዎርክፍሎው ደግሞ ጊትሃብ በራሱ የሚያስኬደው የሥራ ቅደም ተከተል። ዎርክፍሎው ሲነሳ ጊትሃብ የራሱ ፊርማ ያረፈበት መታወቂያ ይሰጠዋል፤ የማን ሪፖ እንደሆነና የትኛው ዎርክፍሎው እንደሆነ ተጽፎበታል። ፓይፒአይ ፊርማውን በጊትሃብ ይፋዊ ቁልፍ ያረጋግጣል፣ የተጻፈውን ካስመዘገባችሁት ጋር ያስተያያል፣ ከገጠመ ለ15 ደቂቃ ብቻ የሚሠራ ቶከን ይሰጠዋል። መታወቂያው የሚሄድበት መንገድ ኦፕንአይዲ ኮኔክት ይባላል፤ በጉግል አካውንት ሌላ ሳይት ላይ ስትገቡ የምትጠቀሙበት ያው ነው።

እኔን የገረመኝ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ፓይፒአይ የአካውንቱን ስም ብቻ አያይም፣ ጊትሃብ የሰጠውን መለያ ቁጥርም ያያል። አካውንታችሁን ብታጠፉና ሌላ ሰው በዚያው ስም ቢከፍት ቁጥሩ ስለማይገጥም አያልፍም።

ታዲያ ሁሉ ነገር አለቀ ማለት አይደለም። ያ የ15 ደቂቃ ቶከን ራሱ «ለአምጪው» ነው፤ በዚያች ሰዓት ከተሰረቀ ተሰረቀ። ሪፖው ላይ ፑሽ ማድረግ የሚችል ሰው ደግሞ ዎርክፍሎውን ነካክቶ የፈለገውን ሊያወጣ ይችላል። ለዚህ እኔ ፓኬጁ ከመውጣቱ በፊት ሌላ ሰው እንዲያጸድቅ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። የድሮውን ቶከን ደግሞ ዛሬውኑ ሰርዙት። ብዙ ሰው አዲሱን አስገብቶ አሮጌውን እዚያው ይተወዋል።