ቤተሰብ ይዞ ትራውት ለማጥመድ ወደ ተራራ ሐይቅ መውጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትራውት የሳልመን ዘመድ ነው፤ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ። የሚኖርበት የተራራ ሐይቅም የቆላ ሐይቅ አይደለም። ውኃው ይበርዳል፣ አየሩ ይሳሳል፣ ሰማዩ ቶሎ ይቀያየራል። ብዙ ሰው ስለ መንጠቆና ስለ ዘንግ ሲጨነቅ ተራራውን ይረሳል። ስህተቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

«ፀሐይ ሞቅ ስትል ዓሣውም ይነቃል»

ለእኛ እንጂ ለትራውት አይሠራም። ሬንቦው ትራውት የሚባለው ዓይነት የሚስማማው ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ውኃ ነው። ከ20 ዲግሪ ካለፈ ይጨነቃል፤ ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳልና። ስለዚህ በሞቃት ወራት እኩለ ቀን ላይ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ማለዳና አመሻሽ ላይ ደግሞ ምግብ ፍለጋ ወደ ዳርቻው ይጠጋል። ቤተሰቡ ቁርሱን በልቶ፣ ተጣጥቦ፣ ረፋዱ ላይ ሐይቁ ዘንድ ሲደርስ ጥሩው ሰዓት አልፏል ማለት ነው። ብርድ ባለበት ወቅት፣ በተለይ በረዶው ቀልጦ ብዙም ሳይቆይ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ቀድሞ ሞቅ የሚለው ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው፤ ዓሣውም እዚያው ይገኛል።

ማለዳን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ። በሞቃት ወራት የተራራ መብረቅ የሚያዘወትረው ከሰዓት በኋላ ነው። ከካርቦን የተሠራ የማጥመጃ ዘንግ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ነጎድጓድ ከተሰማ ዘንጉን አስቀምጦ ከውኃው መራቅ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው።

«ልጆች ዝም ካላሉ ዓሣ አይያዝም»

ምስኪን ልጆች! በአየር ላይ የሚወራ ወሬ ወደ ውኃ የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው። ዓሣውን የሚያባርረው የእግር ኮቴ፣ ውኃ ላይ የሚወድቅ ጥላና የሚወረወር ድንጋይ ነው። ትራውት በጎኑ ባለው የስሜት መስመር ንዝረትን ያውቃል፣ ዓይኑም ስለታም ነው። ስለዚህ ያውሩ፣ ይሳቁ፤ ዳርቻው ላይ መሯሯጥ ብቻ ይቅር። ከውኃው ጥቂት ራቅ ብሎ ጎንበስ ማለትም ይረዳል።

«ሩቅ የወረወረ ነው የሚይዘው»

አዋቂዎችም በዚህ ይፎካከራሉ። የሐይቁ መሀል ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ጅረት የሚገባበትን ወይም የሚወጣበትን ቦታ ፈልጉ። ነፋስ ነፍሳትን እየገፋ የሚያከማችበት ዳርቻም መልካም ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ የውኃው ቀለም ከፈዛዛ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚለወጥበት፣ ማለትም ድንገት የሚጠልቅበት መስመር ነው። አጭር ዘንግ የያዘ ልጅም እዚያ ይደርሳል።

«ውድ ዕቃ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ጥቂት የሚያብረቀርቁ የብረት ማባበያዎች ይበቃሉ። የአፈር ትልም ይሠራል፣ ደንቡ ከፈቀደ። ደንቡን ግን አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። ፈቃዱ፣ የሚያዘው ዓሣ ብዛትና መጠን፣ የተከለከለው ማባበያ ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል።

«የተራራ ሐይቅ ሁሉ ዓሣ አለው»

ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም። ፏፏቴ ዓሣውን ከታች ያስቀረዋል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሴራ ኔቫዳ በተባሉት ተራሮች ላይ ባሉት ከፍተኛ ሐይቆች አብዛኞቹ ውስጥ ትራውትን ያስገባው ሰው ነው፤ እዚያ የነበሩት እንቁራሪቶችም በዚህ ክፉኛ ተጎድተዋል። ብራውን ትራውት የሚባለው ሌላው ዓይነት የአውስትራሊያ ደሴት ታዝማኒያ የደረሰው በ1864 እ.ኤ.አ. እንቁላሉ በመርከብ ተጭኖ ነው። እንግዲህ የምትሄዱበት ሐይቅ ዓሣ እንዳለው ሳትጠይቁ አትነሱ። ከሌላ ቦታ ያመጣችሁትን ሕይወት ያለው ዓሣም ውኃው ውስጥ አትልቀቁ።

«መዋኘት ለሚችል ላይፍ ጃኬት ምን ያደርጋል?»

እዚህ ላይ አልቀልድም። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ በኃይል ይተነፍሳል። ያ ትንፋሽ ውኃ ውስጥ ከሆነ አበቃ። ይህን ቢያልፍ እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ እጅና እግር ኃይል ያጣሉ። ጎበዝ ዋናተኛም ከዚህ አያመልጥም። ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ፣ ለጀልባ ብቻ አይደለም፤ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ የሚቆም ልጅም ይልበስ።

«ውኃው ጥርት ካለ ይጠጣል»

ጃርዲያ፣ ተቅማጥ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ፣ በዓይን አይታይም። ውኃውን 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ አፍሉት። በ3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምግብም ይዘገያል፤ ማገዶውን በዚያው ልክ ያዙ።

«ልጆች ከፍታ አይከብዳቸውም»

ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ከፍታው ማንንም ሊያሳምም ይችላል። ትንሽ ልጅ ግን ራሴን አመመኝ ማለት አይችልም። ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል። ሕመሙ ከጠነከረ መፍትሔው ወደ ታች መውረድ ነው፤ ነገ እናየዋለን አይባልም። የፀሐይ ጨረሩም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ብርድ ቢሆንም ቆዳ ይቃጠላል።

«ከተለቀቀ ተረፈ»

ሁልጊዜ አይደለም። ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፈዋል። መጀመሪያ እጅን ማራስ፣ ከዚያ በተቻለ መጠን ዓሣውን ውኃ ውስጥ እንደያዙ መንጠቆውን መንቀል። ለፎቶ ከሆነ ካሜራው ይዘጋጅ፣ ዓሣው በመጨረሻ ይነሳ፣ ቶሎም ይመለስ። መንጠቆውን ከዋጠው መጎልጎል አያስፈልግም፤ ክሩን አጠገቡ ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል። ውኃው ከ20 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ግን ቢለቀቅም የመሞት ዕድሉ ሰፊ ነው። ያን ቀን ዘንጉን ጠቅልሎ ልጆቹን በዳርቻው ማንሸራሸር ይሻላል።