የአኩፓንክቸር ሕክምና ጉዳት ምንድን ነው?

አኩፓንክቸር ከጥንታዊው የቻይና ሕክምና የመነጨ፣ ቀጫጭን መርፌዎችን በተመረጡ የሰውነት ቦታዎች ላይ በመሰካት በተለይ ሕመምን ለማስታገስ የሚሰጥ ሕክምና ነው። መርፌው ውስጡ ድፍን ስለሆነ ወደ ሰውነት የሚያስገባው መድኃኒት የለም፤ ስለ ደኅንነቱ ሲጠየቅ በዋናነት መታየት ያለበት የት፣ ምን ያህል ጠልቆ እና በማን እጅ እንደሚገባ ነው።

በጀርመን ወደ 230,000 የሚጠጉ ታካሚዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከመቶው ታካሚ ከ8 እስከ 9 የሚሆነው ቢያንስ አንድ ያልተፈለገ ውጤት እንደገጠመው አመልክቷል። በብዛት የታየው መጠነኛ መድማት ወይም የቆዳ መበለዝ ሲሆን በሁለተኛ ደረጃ የታየው ሕመም ነው። አልፎ አልፎ ራሱን የሚስት ታካሚም ስለሚኖር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታከም ሰው ተኝቶ ቢታከም ይመረጣል።

ከባዱ ጉዳት ኒሞቶራክስ የሚባለው የሳንባ መኮማተር ነው፤ በዚያው ጥናት ሁለት ታካሚዎች ላይ ደርሷል። በደረት፣ በትከሻ አናትና በላይኛው ጀርባ ሳንባ ከቆዳ ብዙም አይርቅም፣ በቀጭን ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቀርባል። መርፌው ሳንባን ከበሳ አየር በሳንባውና በደረት ግድግዳ መካከል ይጠራቀምና ሳንባው ይኮማተራል። የደረት ውጋቱና የትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል፣ ታካሚው ከመርፌው ጋር ሳያያይዘው እቤቱ ሊቆይ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ግን ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድና ስለ መርፌው ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል። ከዚህም የሚብሰው፣ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ የልብ መበሳት ነው፤ አንዳንድ ሰው የደረቱ መሃል አጥንት ላይ ከውጭ የማይታይ ቀዳዳ ይዞ ስለሚወለድ፣ በዚያ ቦታ መርፌን ቀጥ አድርጎ ማስገባት አደገኛ ነው።

ኢንፌክሽንን በተመለከተ መልሱ ቀላል ነው፤ ከጀርም ነጻ የሆነና አንዴ ብቻ ተሰክቶ የሚጣል መርፌ መጠቀም። ባልተመከነ መርፌ ሄፓታይተስ ቢ የተላለፈባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና መዛግብት ሰፍረዋል። ማሸጊያው ታካሚው እያየ እንዲከፈት መጠየቅም ነውር የለበትም።

የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ሁኔታቸውን አስቀድመው መናገር አለባቸው። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ደግሞ በመርፌው በኩል ኤሌክትሪክ ከሚላክበት ዓይነት መራቅ ይኖርበታል።

በእኔ እምነት እምብዛም የማይነገርለት ጉዳት መዘግየት ነው። ትኩሳት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ያለበት የጀርባ ሕመም የአከርካሪ ኢንፌክሽን ወይም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል፣ ምርመራው ከመርፌው መቅደም አለበት።