«ዕቃዬን ፖስታ ቤት በላው» ከማለታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አለኝ። ቅጽ እሞላለሁ፣ አድራሻ እጽፋለሁ፣ ለደንበኞቼ የዕቃ መከታተያ ቁጥር በስልኬ አይላቸዋለሁ። ስለዚህ የፖስታ ብሶት ከፖስታ ቤቱ መስኮት ቀጥሎ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው። «ላኩልኝ ካሉ ስንት ወር አለፈ!» «በሉት!» «እዚህ አገር ፖስታ ብሎ ነገር የለም!» ብሶቱ እውነት ነው። ዕቃ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። ግን ከብሶቱ ጋር አብረው የሚመጡ የተሳሳቱ እምነቶች አሉ። እነሱ ባለዕቃውን ራሱን እየጎዱት ነው፤ ዘወትር አንድ ዓይነት ስለሆኑም መስማቱ ሰልችቶኛል።

«ፖስታ ቤት ቤቴ ድረስ ማምጣት አለበት።»

በእኛ አካባቢ ፖስታ የሚሄደው ወደ ሳጥን ነው። ሳጥን የሌለው መስኮት ላይ ሄዶ ይቀበላል። ውጭ አገር ያሉት ልጆቻችን በር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ዕቃ ለምደዋል፤ አስረዷቸው።

«ስሜና ከተማዬ ከተጻፈ በቂ ነው።»

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። «ጠፋ» ተብሎ እኔ ጋ ከሚመጣው ውስጥ ብዙው አልጠፋም። መጀመሪያውኑ መድረሻው በደንብ አልተጻፈም።

ከ«ሰሜን ሸዋ» እንጀምር። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። አንዱ አማራ ክልል ውስጥ ነው፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፣ መቀመጫው ፍቼ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፍቼ ያለው በጎጃም መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ገና ሲወጡ የሚለያዩ መንገዶች ናቸው። እነዋሪ ያለችው በአማራው ሰሜን ሸዋ ነው፤ አንድ የእነዋሪ መምህር ወንድሙ ከውጭ መጻሕፍት ልኮለት ቀረበት። የተሞላውን ቅጽ በስልኩ አሳየኝ። ክልል ምረጥ ሲባል ወንድምየው ኦሮሚያን መርጧል። ከታች «ሰሜን ሸዋ» ብሏል። ሳጥን ቁጥር የለም፤ የመምህሩ ስልክም የለም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ዕቃ የሚለይ ሠራተኛ ይህን ይዞ ወዴት ይላክ? መምህሩ ግን ተናዶ የመጣው ፖስታ ቤቱ ላይ ነበር።

«ደብረ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ደብረ ብርሃን አለ፣ ደብረ ሲና አለ፣ ደብረ ማርቆስና ደብረ ታቦር አሉ። ላኪው ቦታ ጠበበኝ ብሎ የመጀመሪያውን ቃል ጽፎ ሁለተኛውን ያሳጥረዋል። የሚለየው ግን ሁለተኛው ነው!

ከዚያ የስሙ ነገር አለ። አንዲት የሞላሌ እናት ልጃቸው ከቤሩት ልብስ ላከችላቸው። ልጅቱ የጻፈችው አገር ምድሩ የሚጠራቸውን ስም ነው፤ ብርቄ። መታወቂያቸው ብርቅነሽ ይላል። የአባት ስም ቦታ ላይ ደግሞ የባላቸውን ስም አስገብታለች። መስኮት ላይ አንሰጥም ተባሉ፤ እያለቀሱ መጡ። አንጀቴን በሉኝ፣ ግን ሠራተኛዋ ልክ ነበረች። ብርቄ ነኝ ላለ ሁሉ ቢሰጥ ኖሮ ልብሱ ማን ጋ ይገኝ ነበር? በኋላ ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፈው ተቀበሉ። ለአንዲት ሽማግሌ ሴት ግን ያ ሁሉ ምልልስ ከባድ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ እንዲህ አድርጉ። ስማችሁን ከነአባታችሁና ከነአያታችሁ፣ ፋይዳ መታወቂያችሁ ወይም ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። ቀጥሎ የፖስታ ሳጥን ቁጥር። ቀጥሎ የከተማው ሙሉ ስም። ቀጥሎ አማራ ክልል፣ ኢትዮጵያ። ስልክ ቁጥራችሁ የግድ ይኑር፣ የሚሠራውና የምታነሡት። ይህን አንድ ጊዜ በትክክል አስጽፉና ለላኪው በቴሌግራም ላኩለት፤ እሱም እንዳለ ይገልብጠው። በቃል በስልክ አትንገሩት። መስመር እየተቆራረጠ የተነገረ ሳጥን ቁጥር ስንቱን ዕቃ ሌላ ሰው ሳጥን እንደከተተው አውቃለሁ።

«ሳጥን ባይኖረኝም የመሥሪያ ቤቴን እጠቀማለሁ።»

ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ግን ፖስታ ቤቱ ሳጥኑ ውስጥ ከከተተው በኋላ የሱ ሥራ አልቋል። አንድ ልጅ የውጭ ትምህርት ዕድል ደብዳቤ ሲጠብቅ ከርሞ፣ ደብዳቤው የአባቱ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ሳጥኑን የሚከፍተው ሰው አመጣው፣ ጸሐፊዋ አስቀመጠችው፣ ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። የምዝገባ ጊዜው አልፎ ነበር። የዚያ ልጅ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቤተሰቡ ግን አሁንም «ፖስታ ቤት አዘግይቶብን» ነው የሚለው። ከውጭ ወረቀት የሚጠብቅ ሰው በራሱ ስም ሳጥን ይከራይ። ኪራዩ በዓመት ነው፤ ማደሱንም አይርሳ። ቢያንስ በየሳምንቱ ይክፈተው። የጥቅል ጥሪ የሚገባው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነውና፣ በወር አንዴ ብቅ የሚል ሰው «ዘገየብኝ» ቢል ማን ይስማው?

«ዚፕ ኮዱ (የፖስታ መለያ ቁጥሩ) 251 ነው።»

251 የስልክ መለያ ነው። ከፖስታ ጋር ምንም አያገናኘውም።

«ትራኪንጉ ኢትዮጵያ ገብቷል ስላለ ደብረ ብርሃን ደርሷል።»

አልደረሰም። ያ የሚያሳየው አዲስ አበባ ያለው የውጭ ዕቃ መቀበያ መግባቱን ነው። ከዚያ ጉምሩክ ያየዋል። ከዚያ ይለያል፣ ይጫናል። ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ ከሆነ ገና ጣርማ በር ወጥቶ መገንጠል አለበት። የመርሐቤቴ ሰዎች ደግሞ «ዞኑ ደብረ ብርሃን ነው» ብላችሁ ዕቃ ፍለጋ እኛ ጋ ባትንከራተቱ ደስ ይለኛል። ከአዲስ አበባ ወደ መርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ዋናው መንገድ በሙከጡሪና በለሚ በኩል ነው። መጀመሪያ አድራሻችሁ ላይ የተጻፈውን ፖስታ ቤት ጠይቁ።

ቁጥሩን ራሱ ማንበብም ይቻላል። ዓለም አቀፍ የፖስታ ቁጥር አሥራ ሦስት ሆሄ ነው፤ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ ከዚያ የላኪው አገር ሁለት ፊደል። በ«ኢ» የሚጀምር ፈጣን መልእክት፣ ኢ.ኤም.ኤስ. የምንለው ነው። በ«አር» የሚጀምር በአደራ የተላከ፣ ማለትም ተመዝግቦ በፊርማ የሚሰጥ ነው። በ«ሲ» የሚጀምር ጥቅል ነው። በ«ዩ» ከጀመረ ክትትል የሌለው ርካሽ ዕቃ ነው፤ ላኪው አገር ላይ ታይቶ ከዚያ ድምፁ ቢጠፋ አይግረማችሁ። በኢንተርኔት የገዛችሁት ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚላከው። ሻጩ «ትራኪንግ አለው» ቢላችሁም የመጀመሪያዋን ፊደል እዩ።

«ገንዘብ ክፈል አሉኝ፣ ጉቦ ነው።»

ከውጭ የገባ ዕቃ ቀረጥ ሊኖረው ይችላል። ላኪው ካርቶኑ ላይ «ስጦታ» ብሎ ስለጻፈበት አይቀርለትም። ስትከፍሉ ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ የማይሰጥ ካለ ያኔ ተሟገቱ፤ እኔም አብሬያችሁ እቆማለሁ።

«ብር ፖስታ ውስጥ ቢገባ ማን ያያል?»

በተራ ደብዳቤ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ መላክ በዓለም አቀፉ የፖስታ ስምምነት ክልክል ነው። በባንክ ላኩ።

«ሾፌር ይሻላል።»

ለድንችና ለቅቤ ይሻላል፣ አልከራከርም። ከመንዲዳም ከሸዋ ሮቢትም በዚያው ቀን ይደርሳል። ለዲፕሎማ፣ ለፍርድ ቤት ወረቀት፣ ለፓስፖርት ግን በጭራሽ። ረዳቱ ደረሰኝ አይሰጥም። መኪና ሲቀይር ዕቃውን ለጓደኛው ያቀብላል፣ ጓደኛውም ስልኩን አያነሣም። የት ሄዳችሁ ትከሳላችሁ? የማይተካ ወረቀት በአደራ ወይም በኢ.ኤም.ኤስ. ላኩ፤ ቁጥር ይኖረዋል፣ ተቀባዩም ይፈርማል።

«ከጠፋ ጠፋ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም።»

ይህን የሚል ሰው ሳይ በጣም እናደዳለሁ፤ መብቱን በገዛ እጁ ነው የሚጥለው። ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ናት። በኅብረቱ ደንብ መሠረት በአደራ የተላከ ወይም የጥቅል ዕቃ ካልደረሰ፣ ከተላከ በኋላ እስከ ስድስት ወር ድረስ ፍለጋ እንዲደረግ ማመልከት ይቻላል። ፖስታ ቤቶቹም ማመልከቻውን የመቀበል ግዴታ አለባቸው። እዚህ መስኮት ላይ ከመጮህ በፊት ላኪው እዚያው የላከበት ፖስታ ቤት ሄዶ እንዲያመለክት አድርጉ፤ የተለመደው መንገድ ያ ነው። ደረሰኙንና መከታተያ ቁጥሩን ይያዝ። እናንተም እዚህ በጽሑፍ አመልክቱና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ስድስት ወሩ የሚቆጠረው ዕቃው ከተላከበት ቀን ማግስት ነው፤ ስለዚህ የዘገየባችሁ ዛሬውኑ ለላኪው ደውሉና ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ።