«ከተራራ ጀርባ ተራራ አለ»፦ የሄይቲዎች አባባል እና ትርጉሙ

የሄይቲ ሰዎች በክሪዮል ቋንቋቸው «ዴዬ ሞን ጌን ሞን» ይላሉ። «ዴዬ» ከኋላ፣ «ሞን» ተራራ፣ «ጌን» አለ ማለት ነው። አንድ ላይ ሲነበብ «ከተራራ ጀርባ ተራራ አለ» ይሆናል።

አባባሉን የወለደው የአገሩ መልክ ነው። ኮሎምበስ በ1492 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከመድረሱ በፊት ሄይቲ ባለችበት የካሪቢያን ደሴት ይኖሩ የነበሩት ታይኖዎች ደሴቲቱን «አይቲ» ይሏት ነበር። ተራራማ ምድር ማለት ነው። ዛሬ ሄይቲ የደሴቲቱን ምዕራብ ይዛለች፤ ምሥራቁ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው። ትልቁ ተራራዋ ፒክ ላ ሴል 2,680 ሜትር ይደርሳል። ከዋና ከተማዋ ከፖርት ኦ ፕሪንስ በላይ፣ ኬንስኮፍ በሚባለው ደጋ፣ ጎመንና ካሮት በቁልቁለቱ ላይ ይበቅላል። አትክልቱን ወደ ገበያ የሚያወርዱት ሴት ነጋዴዎች «ማዳን ሳራ» ይባላሉ፤ በመንጋ እየበረረች በምትንጫጫ ወፍ ስም። እዚያ ላይ ቆሞ ለሚያይ የቅርቡ ተራራ አረንጓዴ ነው። ከኋላው ያለው ሰማያዊ፣ የሚቀጥለው ጭስ ይመስላል። አለቀ ሲሉት ደመናው ይገለጥና ሌላ ብቅ ይላል።

ብዙ ጊዜ አባባሉ የሚነገረው ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ ነው። ሰውየው እንደምንም የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍሎ እፎይ ሲል የቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ይጀምራል። ያን ጊዜ ጎረቤት «ዴዬ ሞን ጌን ሞን» ይለዋል። ሁለተኛ ትርጉምም አለው፦ የታየህ ብቻ ሁሉም ነገር አይደለም፣ ከኋላው ገና ያላየኸው አለ። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ምክንያቴ የአገሩ ታሪክ ነው።

ፈረንሳይ ይህን ምድር በ1697 በውል ከያዘች በኋላ የስኳርና የቡና እርሻ አደረገችው። በ1789 ገደማ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው በባርነት ይሠሩበት ነበር። እያመለጡ ወደ ተራራ የሚሸሹት ማሮን ይባሉ ነበር። ለእነሱ ከተራራው ጀርባ ያለው ተራራ መከራ አልነበረም፤ መደበቂያቸው ነበር። አንዱን ዳገት ወጥቶ ለሚያሳድዳቸው ሌላ ዳገት ይጠብቀዋል። በነሐሴ ወር 1791 ሕዝቡ አመጸ፤ ጥር 1 ቀን 1804 ነጻነቱን አወጀ። ከነጻነት በኋላም የራሳቸው መሪዎች ሰዉን ወደ ስኳር እርሻው በግድ ሊመልሱት ሲሉ ብዙዎች ወደ ተራራው ወጡ። ትንሽ ማሳ መንጥረው ለራሳቸው አረሱ። የከተማው ሰው ግን ገበሬውን እስከ ዛሬ «ሙን አንዴዮ»፣ የውጭ ሰው፣ ይለዋል። በገዛ አገሩ! ይህ ቃል ሁሌም ያመኛል።

ፈረንሳዮች ይመለሳሉ ብሎ የፈራው የሰሜኑ ገዥ ሄንሪ ክሪስቶፍም የመረጠው ተራራ ነው። ከሚሎ ከተማ በላይ፣ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሲታዴል ላፌሪዬር የተባለውን ምሽግ አሠራ። መድፎቹና የተቆለሉት የመድፍ ጥይቶች አሁንም እዚያው አሉ። ከፈረንሳይ ጋር ግን አንድም ቀን አልተዋጉበትም። በ1825 የፈረንሳዩ ንጉሥ የቻርልስ 10ኛ የጦር መርከቦች የመጡት ደቡብ፣ ፖርት ኦ ፕሪንስ ወደብ ላይ ነው። የያዙት ትእዛዝ፣ ነጻነታችሁ እንዲታወቅላችሁ ለቀድሞ ጌቶቻችሁ ካሳ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ የሚል ነበር። በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ተቀነሰ። እሱንም ለመክፈል ሄይቲ ከዚያው ከፈረንሳይ ባንኮች ተበደረች። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው።