የርጭት ድሮን ኢንሹራንስ ምንድን ነው?

ድሮን ሲከሰከስ ሁሉም ያየዋል። ፕሮፔለሩ ይሰባበራል፣ ታንኩ ይደፋል፣ ባለቤቱ ጭንቅላቱን ይዞ ይሮጣል። ኢንሹራንስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ይኼ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ቀን ነው። ድሮኑ በሰላም አርፏል፣ ሥራው አልቋል፣ ሒሳብም ተከፍሏል። ከሳምንት በኋላ የአጎራባቹ ማሳ ባለቤት ይደውላል፦ «ወንድሜ፣ ቲማቲሜ ቅጠሉ ተጠቅልሏል። ና እስቲ እየው።»

የርጭት ድሮን ኢንሹራንስ እነዚህን ሁለት ቀኖች ለየብቻ ነው የሚያያቸው። እንደ መኪና አስቡት። አንዱ ሽፋን ለራስ ንብረት ነው፤ ድሮኑ ቢወድቅ፣ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል። ሌላው ለሦስተኛ ወገን ነው፤ በድሮኑ ምክንያት ሰው ቢጎዳ ወይም የሰው ንብረት ቢበላሽ። እዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም። ችግሩ መኪና ኬሚካል እየረጨ አይሄድም።

ስለዚህ ሦስተኛ ነገር ይመጣል፦ የሚረጨው ኬሚካል ራሱ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚሰጥ ሽፋን። ፎቶ ከሚያነሳ ድሮን መድን የሚለየው በዋናነት በዚህ ነው። ብዙ ጊዜም በመደበኛው ውል ውስጥ የለም። ተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈል ገንዘብ፣ ተከፍሎ፣ ለብቻው ተጽፎ ነው የሚገባው።

ለምን? ብዙ የኃላፊነት መድን ውሎች «ብክለት አይሸፈንም» የሚል አንቀጽ አላቸው። ከማሳ አምልጦ የሄደ ፀረ-አረም ደግሞ ብክለት ሊባል ይችላል። «እኔ እኮ የእርሻ መድን አለኝ» ማለትም ብዙ አያዋጣም። አጠቃላይ የኃላፊነት ውሎች አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፕላን የደረሰ ጉዳትን ያስወጣሉ፣ ድሮን ደግሞ በብዙ አገር ሕግ እንደ አውሮፕላን ነው የሚቆጠረው። ሁለት በር፣ ሁለቱም ዝግ።

ኬሚካሉ እንዴት እንደሚያመልጥ ማወቅ ውሉን ለማንበብም ይረዳል። ጉዳዩ የጠብታ መጠን ነው። ከ150 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች የሆነች ጠብታ ቶሎ አትወርድም፤ ነፋስ ይዟት ይሄዳል። ነፋስ ከሌለስ? ደህና ነው የሚል ሰው አይጠፋም፣ ግን ተሳስቷል። ማለዳና አመሻሽ ላይ ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ ሲከድነው፣ ደቃቋ ጠብታ መሃል ላይ ተንሳፍፋ ትቀራለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወዳልታሰበ ቦታ ትሄዳለች። እንደ ዲካምባ ያሉት ፀረ-አረሞች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። ተረጭተው ካረፉ በኋላ እንኳ ወደ ተን ተለውጠው ሊነሱ ይችላሉ።

ቱፎርዲ (2,4-D) የሚባለውን ፀረ-አረም እንውሰድ። የእህል ማሳ ላይ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ያጠፋል፣ እህሉን ግን ይተወዋል። ወይን፣ ቲማቲምና ጥጥ ጋ ሲደርስ ግን ጥቂቱም ለጉዳት ይበቃል። የወይን ተክል ደግሞ በየዓመቱ የሚዘራ ነገር አይደለም፤ ጉዳቱ ወደሚቀጥለው ምርትም ሊሻገር ይችላል። ሰው ድሮን ሲገዛ የሚያሳስበው የድሮኑ ዋጋ ነው። የድሮኑ ዋጋ እኮ ታውቋል፣ ከዚያ በላይ አይከስርም። የጎረቤት ወይን ስንት እንደሚያስከፍል ግን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ለሌላ ሰው እየረጩ የሚከፈላቸው ሰዎች አንድ ነገር ደግመው ያንብቡ። ብዙ ውሎች አጎራባቹን ማሳና የሚረጨውን ማሳ ይለያሉ። ታንኩ በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ የትናንቱ ፀረ-አረም የዛሬውን ሰብል ቢያቃጥልስ? የጎረቤቱ ተሸፍኖ የደንበኛው ሊቀር ይችላል። የተሳሳተ ማሳ መርጨት፣ የንብ ቀፎ፣ የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ማጣት፣ እነዚህም በስም ተጠይቀው መልሳቸው በጽሑፍ ቢገኝ ይሻላል። «ረጭተህልኝ ተባዩ አልሞተም» የሚለው ቅሬታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ጥራት ጉዳይ ነው፤ መድኑ አይገባበትም።

የድሮኑ አካል ሽፋን ብዙ አያከራክርም። ድንገተኛ አደጋን እንጂ ያረጀ ባትሪን ወይም ኬሚካል ቀስ በቀስ የበላውን ፓምፕ አይከፍልም። ባትሪ፣ ቻርጀርና ጄኔሬተር በዝርዝሩ ውስጥ በስም መኖራቸውን ማየት ነው። ከካሳው ላይ ስንት ፐርሰንት ራሳችሁ እንደምትችሉም ጠይቁ።

ፈቃድም አለ። እነዚህ ማሽኖች መጫወቻ አይደሉም። ዲጄአይ አግራስ ቲ40 የሚባለው የርጭት ድሮን ታንኩ 40 ሊትር ይይዛል፣ ሞልቶ ሲነሳ ወደ 90 ኪሎ ይመዝናል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 785/2004 መሠረት ከ20 ኪሎ በላይ ለሆነ ድሮን የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። ከ500 ኪሎ በታች ላለው ዝቅተኛው መጠን 0.75 ሚሊዮን ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከአየር ላይ ኬሚካል ለመርጨት የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ክፍል 137 የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ሳይኖር፣ ወይም ውሉ ላይ ያልተጠቀሰ ሰው ሲያበር አደጋ ከደረሰ፣ መድን ሰጪው አልከፍልም ለማለት ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ ስልክ እንመለስ። ደግ ሰው ከሆናችሁ አፋችሁ ላይ የሚመጣው «ይቅርታ፣ እከፍላለሁ» ነው። ያዝ አድርጉት። ብዙ ውሎች መድን ሰጪው ሳያውቅ ጥፋትን ማመንና ለካሳ ቃል መግባትን ይከለክላሉ፤ ሽፋኑን ሊያሳጣችሁ ይችላል። «መጥቼ አያለሁ» በሉ፣ ሂዱና ፎቶ አንሱ። ለመድን ሰጪው በዚያው ቀን አሳውቁ። የበረራውን መዝገብ አውጡ፤ የት እንደበረረ፣ ስንት ሊትር እንደረጨ አፑ ላይ አለ። የዕለቱን የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ ግን እናንተ ካልጻፋችሁት ላይኖር ይችላል። የቅጠል ናሙናም ሳይውል ሳያድር ይወሰድ፤ ኬሚካሉ በፀሐይና በጊዜ እየተበታተነ ስለሚሄድ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ የመጣ ገምጋሚ የተጠቀለለ ቅጠል ብቻ ሊያገኝ ይችላል።