የካርታ ሥራና የምድር አለካክ፦ በጎንደር ምሳሌነት

ካርታ የምድርን ገጽ በመስፈርት አሳንሶ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የሚያኖር ሥራ ነው። ጎንደር ውስጥ «ካርታ» ሲባል ግን ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የቤቱን ይዞታ ማረጋገጫ ነው። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ አንዱ የለካውን ጥግ ሌላው በቁጥሩ ብቻ ተመርቶ መልሶ ማግኘት አለበት። ይህ የሚሆነው ሁለቱም ከአንድ መነሻ ሲቆጥሩ ነው፤ አብዛኛው የወሰን ስሕተትም የሚመነጨው ከመሣሪያው ሳይሆን ከመነሻው ነው።

ምድር ፍጹም ክብ አይደለችም። ከመሐሏ እስከ ወገቧ 6,378 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ዋልታዋ 6,357 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀያሾች ለስሌት የሚመች ለስላሳ ቅርጽ መርጠው ከመሬት ጋር ያያይዙታል፤ ይህ ማያያዣ ዳተም ይባላል። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ባለችው በአዲንዳን ስም በተሰየመው ዳተም ነው። ስልክና ጂፒኤስ የሚጠቀሙት ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን ዓለም አቀፍ ዳተም ነው። ጎንደር ላይ አንዱን ነጥብ በሁለቱ ቢያሰሉት፣ ቁጥሩ በምሥራቅ አቅጣጫ በ90 ሜትር ያህል፣ በሰሜን አቅጣጫ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል። የቆየ ካርታ ላይ የተነበበን ቁጥር ሳይቀይሩ ስልክ ላይ ማስገባት ማለት እንግዲህ ሰውን ሌላ ሰፈር መስደድ ነው።

ከክቡ ወደ ጠፍጣፋው የሚያሻግረው ፕሮጀክሽን ነው። ዩቲኤም ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚያሰላ ፕሮጀክሽን ሲሆን፣ ጎንደር በዞን 37 ሰሜን ውስጥ ትገኛለች፤ ዞኑ ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን መሐሉ 39 ዲግሪ ነው፤ ይህ መሐል 500,000 ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ የከተማዋ ኤክስ (የምሥራቅ አቅጣጫ ቁጥር) ከ500,000 ያነሰ፣ ወደ 333,000 የተጠጋ ነው፤ ዋይ (የሰሜን አቅጣጫ ቁጥር) ደግሞ ባለ ሰባት አኃዝ፣ ወደ 1,393,000 ይሆናል። ኤክስና ዋይ ተለዋውጠው ሲጻፉ በአኃዙ ብዛት ወዲያው ይታወቃል። ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ መሬት ላይ በትክክል የተለካ 1 ኪሎ ሜትር በዩቲኤም ሲሰላ በ40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል። ለአንድ ግቢ ይህ ከቁጥር አይገባም፤ መንገድ ወይም የውኃ መሥመር ለሚቀይስ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ጎንደር የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት፤ በሜትር የሚለካ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ካርታ የሚያሳየው አግድም ርቀትን ነው። በ100 ሜትር አግድም 20 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ሜትሩን መሬት አስተኝቶ 30 ሜትር ያነበበ ሰው፣ አግድሙ 29.42 ሜትር ብቻ ነው። ስፋቱ 20 ሜትር ከሆነ ወደ 12 ካሬ ሜትር መሬት በወረቀት ላይ ያለ አግባብ ይጨመራል፤ የጎረቤት ጠብ የሚነሣው በዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሜትሩን በውሃ ልክ ቀጥ አድርጎ በአጭር በአጭሩ፣ ከ5 እስከ 10 ሜትር እየከፈሉ መለካት፣ የከፍተኛውን ጫፍ ነጥብ በቱንቢ ወደ መሬት ማውረድና ችካል መትከል። ማዕዘንና ርቀት አብሮ የሚለካው መሣሪያ፣ ቶታል ስቴሽን፣ ይህን ራሱ ያሰላል፤ ሆኖም የቆመበት ነጥብ ቁጥር የተሳሳተ ከሆነ ስሕተቱን በጥራት ያባዛዋል።

ሳተላይት ሳይኖር ርቀት የሚታወቀው በሦስት ማዕዘን ነበር፤ አንዱን ጎን ለክቶ፣ ከኮረብታ አናት ማዕዘኖችን አንብቦ የቀረውን ማስላት። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ኬክሮስን፣ ማለትም ከምድር ወገብ ያለውን የዲግሪ ርቀት፣ በሰማይ አካላት ለካ። በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ በኢትዮጵያ ተራሮችን እርስ በርስ በማዕዘን አያይዟል።

በ1፡50,000 መስፈርት 1 ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ነው። ዙሪያው 900 ሜትር የሆነው የፋሲል ግቢ ቅጥር በዚያ ካርታ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ዙሪያ ብቻ ይኖረዋል፤ አብያተ መንግሥቱን ለየብቻ ማሳየት አይቻልም። በ1፡2,000 ግን 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ደጃፎቹም ይለያሉ። ትንሹን ካርታ በኮፒ ማሽን ማጉላት ዝርዝር አይጨምርም፣ የመሥመሩን ውፍረት እንጂ።

የአየር ፎቶ የሚነሣው ደመናው ከሸሸ በኋላ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ቢሆን ይመረጣል። ተከታታይ ፎቶዎች ቢያንስ በ60 በመቶ፣ ጎን ለጎን ያሉት በ30 በመቶ ያህል መደራረብ አለባቸው፤ ከፍታ የሚሰላው አንዱ ቦታ ከሁለት አቅጣጫ ሲታይ ነውና። መሬት ላይ የተለኩ ምልክቶች ከሌሉ ምስሉ ውብ ሆኖ ከቦታው ይንሸራተታል። በአብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ ያለው ጥድ ደግሞ መሬቱን ይሸፍናል፤ እዚያ ቀያሽ በእግሩ መግባት አለበት።

የቦታ ስምም ልኬት ይፈልጋል። ቀሃ፣ አንገረብ፣ አዘዞ በላቲን ፊደል በየካርታው በልዩ ልዩ መንገድ ስለሚጻፉ፣ ስሙን ከነዋሪው አፍ ሰምቶ በፊደል መመዝገብ፣ የላቲኑንም አንድ ዓይነት አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ወረቀት ላይ መድገም ያስፈልጋል።