ሁለት የቤት ጥንቸሎችን ማላመድ በመሃል አዲስ አበባ

የቤት ጥንቸል የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከደቡብ ምዕራብ አውሮፓ የዱር ጥንቸል ነው፤ ይህ እንስሳ መሬት ቆፍሮ በሠራው ጉድጓድ ውስጥ በቡድን ይኖራል። የቤቱ ጥንቸልም ከእርሱ ሁለት የሚጋጩ ጠባዮችን ወርሷል፦ ብቸኝነት አይስማማውም፣ የኔ ብሎ በያዘው ቦታ የማያውቀው ጥንቸል ሲመጣበት ደግሞ አጥብቆ ይዋጋል። ስለዚህ በማላመድ ሥራ ውስጥ ከጥንቸሎቹ ጠባይ ይልቅ የሚገናኙበት ቦታ ይወስናል።

በአዲስ አበባ ጥንቸል ይበልጥ የሚታወቀው የልጆች ጓደኛ ሆኖ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት ተርታ በመቆጠሩ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ሥጋውን አይመገቡም። እንደ ልደታ ባሉ የመሃል ከተማ ኮንዶሚኒየሞች በረንዳው፣ በቆዩ ግቢዎች ደግሞ ሰርቪስ ቤቱ ማደሪያው ይሆናል።

ከመተዋወቁ በፊት ጾታቸውን በሐኪም ማረጋገጥ ይገባል፤ ግልገሎች ሳሉ መለየቱ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ሁለት እህትማማቾች ተብለው የተገዙት ወንድና ሴት ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ጥንቸል በ4 ወሩ ገደማ ለመራባት ይደርሳል፣ እርግዝናው 31 ቀን ያህል ነው፣ ሴቷም በወለደች ዕለት እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። በቀላሉ የሚስማሙት የተኮላሸ ወንድና ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ናቸው። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም ለ4 እስከ 6 ሳምንት ማስረገዝ ስለሚችል ተለይቶ መቆየት አለበት። ለሴቷ ቀዶ ሕክምናው ከበድ ቢልም፣ ዕድሜዋ ሲገፋ በብዛት ከሚታየው የማህፀን ካንሰር ያድናታል። ሐኪሙ ጥንቸል አደንዝዞ የሚያውቅ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጥንቸል ስለማያስመልስና አንጀቱ ሥራ ማቆም ስለሌለበት፣ እንደ ውሻ ከቀዶ ሕክምና በፊት እንዲጾም አይደረግም።

መተዋወቁ የሚጀምረው አንዱ የሌላውን ጠረን በማሽተት ነው። ሁለቱ የሽቦ ቤቶች መነካከስ እንዳይቻል ጥቂት ተራርቀው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የአንዱ ድርቆሽና ምንጣፍ በየቀኑ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ጎመኑም በሽቦው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይቀርብላቸዋል።

ቀጥሎ ሁለቱም ረግጠውት የማያውቁት ቦታ ያስፈልጋል፣ በጠባብ ቤት ትልቁ ችግርም ይኸው ነው። ነባሩ የሚያድርበት በረንዳ ለዚህ አይሆንም፤ የሚፈነጭበት ግቢም ቢሆን አይሆንም፤ ጥንቸል ከአገጩ ሥር ባለው እጢ የበሩን ጠርዝ፣ የወንበሩን እግርና የአበባ ማሰሮውን ሁሉ እያሻሸ በጠረኑ ምልክት አድርጎባቸዋልና። የጎረቤት ኮሪደር ወይም በውኃና በአቼቶ የታጠበ መታጠቢያ ክፍል ይሻላል፤ ሴራሚኩ እንዳያንሸራትታቸው ጆንያ ይነጠፍበታል። የመጀመሪያዎቹ ግንኙነቶች ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢሆኑ ይበቃል።

በዚህ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ መውጣቱ፣ ጥቂት ማሳደዱና ጸጉር መንጨቱ ደረጃቸውን የሚለዩበት መንገድ ስለሆነ ወዲያው ጣልቃ መግባት አያሻም። ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥፎ ጅራት ከተቀሰረ፣ ወይም ሁለቱ አንዱ የሌላውን ኋላ ለመንከስ በክብ መሽከርከር ከጀመሩ ግን ወዲያው መለየት አለባቸው፤ ይህም በባዶ እጅ ሳይሆን መጥረጊያ መሃላቸው በማስገባት ነው። የጥንቸል ቆዳ ስስ፣ መግሉም ወፍራም በመሆኑ፣ ከላይ የደረቀች ትንሽ ንክሻ ከውስጥ ወደ እባጭ ልትለወጥ ትችላለች። አንዱ ጭንቅላቱን ከሌላው አፍ ሥር ዝቅ አድርጎ ሲጠብቅ፣ ሌላውም ግንባሩን ሲልስለት ማየት ከሁሉ የሚያስደስተው ምልክት ነው። እዚህ ለመድረስ ለአንዳንዶቹ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ፣ ሌሎቹ ወራት ይፈጅባቸዋል።

አብረው መብላትና ተጠጋግቶ መተኛት ሲያዘወትሩ፣ ታጥቦ የዕቃው አቀማመጥ ወደ ተቀየረ የጋራ ማደሪያ ይገባሉ፤ እዚያም ሁለት የውኃ ዕቃ፣ ሁለት የድርቆሽ ማስቀመጫና ሁለት መውጫ ያለው መሸሸጊያ ሊኖር ይገባል። ማደሪያው በክረምት ከእርጥበት፣ በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ከቆርቆሮ ሥር ሙቀት መጠበቅ አለበት። ከሁለቱ አንዱ ታሞ ወደ ሐኪም ሲሄድ ሌላውም አብሮት መሄድ ይኖርበታል፤ ለብቻው ሄዶ የክሊኒክ ሽታ ይዞ የተመለሰውን ጓደኛው እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያጠቃው ይችላል።